ያዕቆብ የጨበጠው መንጋጋ

የያዕቆብ አስከሬን ኦቦ በምትባል ቦታ ከሚገኘው የቅሪተ አካል ቁፋሮ ጉድጓድ ሲወጣ ቀኝ እጁ ወደ ላይ እንደተዘረጋ ደርቆ ነበር። ከሞያሌ የተጠራችው ኢንስፔክተር ነጂባ ጭብጡን ራሷ ከፈተችው። ውስጡ ከጥፍር የማይበልጥ የመንጋጋ አጥንት አገኘች። ለማንም ሳታሳይ በጥጥ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

በቁፋሮው ሥራ ላይ ከሟቹ ሌላ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የተገኘውን ቅሪተ አካል ሁሉ የምትስለው ሚስቱ ሪሃና፣ አለቃቸው ዶክተር ባምላክና ዘበኛው ጋልማ።

«ግድግዳው ሲናድ የት ነበርክ?» ስትል ጋልማን ጠየቀችው።

«ግመል እያጠጣሁ። ሁለት ጊዜ ነው የተናደው። መጀመሪያ ትንሽ፣ ቆየት ብሎ ትልቅ። ስደርስ አፈር ብቻ ነው። ኢንስፔክተር፣ ያዕቆብ እንደ ወንድሜ ነበር።»

ነጂባ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። ግድግዳውን ከያዙት ሁለት ድጋፍ እንጨቶች አንዱ ከመሃሉ ተሰብሯል። ሌላው ሳይሰበር ከቦታው ወጥቶ ወድቋል፤ እግሩ ላይ የመዶሻ ምት ምልክት አለ።

ሪሃና እንባዋን ሳትጠርግ ትናንት የሳለችውን የመንጋጋ ሥዕል አሳየቻት።

«አይጥ የምታክል፣ ልጇን በሆዷ ከረጢት የምታሳድግ እንስሳ ናት ይል ነበር ያዕቆብ። የሚለየው የመንጋጋው የኋላ ጥግ ነው። እሱ ደግሞ ሥዕሉ ላይ እንደምታይው፣ ትናንት ገና ዐለቱ ውስጥ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሊያወጣው ወረደ።»

ባምላክ ከትናንት ጀምሮ ከተማ እንደነበረ ተናገረ። እንዲህ ያሉ እንስሳት እዚህ አገር ደርሰው አያውቁም እያለ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ ሰው ነው።

«ያዕቆብ ተሳስቷል ይላሉ?»

«ጎበዝ ልጅ ነበር። ግን የመንጋጋው ጥግ ወደ ውስጥ ስለታጠፈ ብቻ ባለከረጢት ነው አይባልም።»

ነጂባ አልተከራከረችውም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«የመጀመሪያው መናድ አደጋ ነው፤ እንጨቱ ተሰብሮ ያዕቆብን እስከ ደረቱ ቀበረው። ሁለተኛውን እንጨት ግን ሰው በመዶሻ መትቶ አወጣው። ያዕቆብ እጁን የዘረጋው ለዚያ ሰው ነው።»

ጥጡን ፈታችው።

«ጥጉ ታጥፏል። ትናንት በዐለት ተሸፍኖ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከኪሴ አልወጣም። ዶክተር፣ መታጠፉን የት አዩት?»

ባምላክ ዓይኑን ከአጥንቱ ሳይነቅል መለሰ።

«‹መጀመሪያ መንጋጋውን ይያዙልኝ፣ እንዳይሰበር› አለኝ። ተቀብዬ አየሁት። እውነቱን ነበር። መለስኩለት።»

«ሲመልሱለት ምን አለ?» አለች ሪሃና።

«አመሰገነኝ። አካፋ ላመጣ የዞርኩ መስሎት ነበር።»