አመዳይ ያልነካው ሣር

ለገሠ ስልኩ ሲጮኽ የደወለውን ሰው ስም ሳያይ ካልሲውን መፈለግ ጀመረ። በጆሃንስበርግ ክረምት፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚደወልለት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ከአገሩ ሰዎች አንዱ ሞቷል፤ ፖሊስም አስተርጓሚ ይፈልጋል።

ቡታጅራ ሳለ ዐሥራ ስምንት ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበር። እዚህ ግን ሥራው በፖሊስና በሟች ቤተሰብ መሃል ቆሞ የሰው ቃል ማሻገር ነው። ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ደርሷል፤ ጉልበቱን ብርድ ይወጋዋል፤ በዚህ ወር ብቻ አራት ሬሳ አይቷል።

«ከሰል ነው» አለችው ሳጅን ሞሎይ፣ ቤሪያ ሰፈር ከሚኖርበት ፎቅ ሥር በመኪናዋ ስትወስደው። «ካራቫን ውስጥ አንድዶ ተኝቷል። በየክረምቱ ያው ነው። ቃላቸውን ተርጉምልኝ፤ ረፋድ ላይ እንጨርሳለን።»

«እሺ» አለ ለገሠ። እሱም መጨረስ ነበር የፈለገው።

ዛንድስፕሩት የተባለውን የከተማ ዳር ሰፈር አልፈው ከአንዲት ትንሽ ግድብ ዳር ካለው የካምፕ ሜዳ ሲደርሱ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሌሊቱን የወረደው አመዳይ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ሳጅኗ መኪናዋን ወደ ሜዳው ስታስገባ፣ ጎማው የረገጠው ሣር ከኋላቸው ሁለት ጥቋቁር መስመር ሆኖ ቀረ።

ሟቹ ሸረፈዲን ነው፤ ቴምቢሳ በተባለው ሰፈር ጅምላ አከፋፋይ የነበረ የስልጤ ሰው። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና የሚጎተት አሮጌ ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ማለትም ካራቫን ገዝቶ፣ በየክረምቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡን ወደዚህ ያመጣ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅበታል። ሸረፈዲን ግን በብርድ ጊዜ ሜዳው ባዶ ስለሚሆን ነው የምወደው ይላል፤ ዓመቱን ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ሲሸጥ የሚኖር ሰው ጥቂት ቀን ጸጥታ ያምረዋል።

አሁን በካራቫኑ ጠባብ አልጋ ላይ፣ በነጭ ብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ደርቋል። ፊቱ ፀሐይ የመታው ይመስል ቀልቷል። መሃል ወለሉ ላይ፣ ሦስት ጡብ ላይ የተቀመጠ፣ ጎኑ የተበሳሳ የቆርቆሮ ማንደጃ አመድ ሞልቶ ይታያል። ከእግሩ በኩል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀልቶ ይነዳል።

ለገሠ የማንደጃውን እጀታ በጣቱ ነካ። ጣቱ ጠቆረ። ቀና ብሎ የሟቹን መዳፎች ገልብጦ አየ፤ ብርድ ልብሱንም አየ። ጥላሸት የለም። ከአልጋው ራስጌ ያለው የኤሌክትሪክ ሰዓት ብልጭ ድርግም ይላል። 3፡05 ይላል። የራሱ የእጅ ሰዓት ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምስት ነበር። በኢትዮጵያም በፈረንጅም አቆጣጠር የማይገጥም ቁጥር ነው።

ዝም ብሎ ወጣ። ዝም ማለት ይቻላል፤ ቀላሉም እሱ ነበር።

ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ባለው የጡብ ጎጆ ውስጥ የሟቹ ሚስት ፈዲላ ከልጇ ከሀይፋ ጋር ተቀምጣለች። የጎጆው የብረት በር ሲከፈት ጥርስ በሚያሳክክ ድምፅ ጮኸ።

«አላህ ይርሐመው፣ እህቴ።»

«አሚን፣ ጋሽ ለገሠ። ዛሬውኑ እንቅበረው። በአላህ ይሁንብዎ፣ ሆስፒታል ወስደው እንዳይከፍቱት።»

ለገሠ «ለምን ለብቻው ተኛ?» ብሎ ጠየቃት።

«ጉንፋን ይዞት ሲያስል አመሸ። ጓደኛው ሚስባህ ከፋርማሲ መድኃኒት አምጥቶለት ነበር፤ እንቅልፍ የሚጥል ነው። ‘እናንተን አልረብሽም’ ብሎ ካራቫኑ ገባ። እኔና ሀይፋ እዚህ ውስጠኛው ክፍል፣ የወንድሙ ልጅ ፈሪድ ደግሞ ይሄ ፍራሽ ላይ። ለሱብሒ ሶላት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሥቼ ልቀሰቅሰው ስሄድ…» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ማንደጃውን እሱ ያስገባው ይመስልሻል?»

«ወንድሙ አብዱልጀባር፣ የመጤ ሱቆች ሲቃጠሉ፣ ዛንድስፕሩት ሱቁ ውስጥ ተቃጥሎ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሻማ እንኳ አያስለኩስም። ግን በረደው ይሆናላ፤ ምን ዐውቃለሁ?»

«ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኖ» አለች ሀይፋ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ። «ስልኬ ቻርጅ ላይ ነበር፣ ፉል ሆኖ ነው ያደረው። የኮሪደሩም ላይት በርቶ ነው ያደረው። ማሚ ሳትነሣ በፊት በሩም አልተከፈተም። ቢከፈት ኖሮ ያ ሳውንድ ይቀሰቅሰኝ ነበር።»

ፈዲላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ለገሠ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ዛንድስፕሩት የምትኖር አንዲት ሴት አነጋግሮ መጣ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አልነበረውም። ‘የኋላው በር በውጭ ተቆልፎ ነበር’ ይላል ብቻውን። ማታ ደግሞ እሳቱ ዳር ሆነው፣ ‘እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ’ ሲል ሰማሁ። ለፈሪድ ይሁን ለሚስባህ አላወቅሁም።»

ፈሪድ በእሳቱ የሞተው የአብዱልጀባር ልጅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከጎጆው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ የጃኬቱ እጅጌ ጥላሸት ለብሷል። ሳጅን ሞሎይ እጅጌውን አይታ ለገሠን በዓይኗ ጠቀሰችው።

«ማንደጃውን ማታ እኔ ነኝ ያቀጣጠልኩት» አለ ፈሪድ። «ውጭ ነበር። ሥጋ ጠበስንበት፣ ከዚያ እዚያው ትቼው ተኛሁ።»

«ከአጎትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጮኽኩበት።» እንባው መጣ። «‘ከእንግዲህ ሚስባህ ሱቅ አትሥራ’ አለኝ። ለምን ስለው ‘ነገ ትሰማለህ’ አለኝ። አባቴ ከሞተ በኋላ አባት የሆነኝኮ ጋሽ ሚስባህ ነው! የመጨረሻ ቃሌ ጩኸት ሆነ።»

ሚስባህ በካራቫኑ ደጃፍ ቆሞ ነበር። የሸረፈዲን የሃያ ዓመት ጓደኛ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ያበጠ ሰው ነው። ምሽቱን እዚሁ አሳልፎ፣ በሩ ሳይዘጋ በፊት ወደ ቤሪያ መሄዱን ተናገረ። የሜዳው ዋና በር ማታ ሁለት ሰዓት ይዘጋል፤ የሚከፈተው ጠዋት አሥራ ሁለት ነው።

«ሀይፋ ደውላ ስትነግረኝ እንደ እብድ ነድቼ መጣሁ። አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ» አለ። «ምን ይደረግ፣ ጋሼ? መብራት ሲጠፋበት በረደው፣ ከሰሉን አስገባ። የአላህ ውሳኔ ነው። ሬሳውን ቶሎ ያስለቅቁልን።»

«እጠይቃለሁ» አለ ለገሠ።

ጥላሸት የነካ ጣቱን ሊታጠብ ወደ ጋራ መታጠቢያ ቤቱ ሄደ። ውሃው አጥንት ይቆረጥማል። ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ ገና ባልደረሰበት ጥላ ውስጥ የሚስባህ ነጭ ቶዮታ ቆሟል። ለገሠ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወደ መኪናዋ ቀረበ፤ ከዚያ ጉልበቱ እያመመው በርከክ ብሎ ከሥሯ አየ። እንደዚያው በርከክ ብሎ ብዙ ቆየ። ስለ ፈዲላ ልመና አሰበ። አንድ ቃል ከተናገረ ሬሳው ወደ ሆስፒታል ይሄዳል፤ ይከፈታል፤ ቀብሩ ቀናት ይዘገያል። ካልተናገረ ግን እስከ እኩለ ቀኑ የዙሁር ሶላት ሸረፈዲን በወጉ ታጥቦና ተገንዞ አፈር ይለብሳል፤ እሱም ቤቱ ገብቶ ይተኛል። እንቅልፍ አሰኝቶት ነበር።

ተነሥቶ ሳጅኗን ጠራት። «ሁሉም እዚህ ይሰብሰቡ» አላት።

ከካራቫኑ ፊት ለፊት ባለው ክፍት ቦታ ቆሙ። ለገሠ አንድ ጊዜ በአማርኛ፣ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ ድምፁን ሳያነሣ ተናገረ።

«ሸረፈዲን ማንደጃውን አላስገባም። እጀታው ጥላሸት ነው፤ እኔ በአንድ ጣት ነክቼው ጣቴ ጠቁሯል። የሱ መዳፍ ግን ንጹሕ ነው፤ ነጩ ብርድ ልብስም አልቆሸሸም። መድኃኒቱ እንቅልፍ ጥሎት ሳለ ሌላ ሰው ነው ያስገባበት።»

ፈዲላ የሀይፋን ክንድ ያዘች።

«ሁለተኛው የራስጌው ሰዓት ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ከዜሮ ጀምሮ የሚቆጥር ዓይነት ነው። ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ሳየው ሦስት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ቆጥሮ ነበር። ስለዚህ የካራቫኑ መብራት የተመለሰው ልክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ጎጆው ግን ሌሊቱን ሙሉ መብራት ነበረው። እዚያ ምሰሶ ላይ ያለውን የካራቫኑን ማጥፊያ አንድ ሰው አጥፍቶ፣ በኋላ መልሶ አበራው፤ መብራት ጠፍቶበት ከሰል ያስገባ እንዲመስል ነው። ስንደርስ ሬሳው ደርቆ ነበር፤ ስለዚህ ሸረፈዲን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞቶ ነበር። ያበራው እሱ አይደለም።»

ሳጅን ሞሎይ ወደ ፈሪድ እጅጌ ተመለከተች።

«እሱም አይደለም» አለ ለገሠ። «ጎጆ ያደሩት ሦስቱ ናቸው፤ በሩ ሲከፈት እንዴት እንደሚጮኽ ሰምታችኋል። ወይዘሮ ፈዲላ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እስክትወጣ ድረስ አልጮኸም። ያበራው ውጭ ያደረ ሰው ነው። ሚስባህ፣ መብራት እንደጠፋበት ማን ነገረህ?»

ሚስባህ ከንፈሩን ላሰ። «ገመትኩ። እዚህ አገር መብራት ይጠፋል።»

«ይጠፋል። መኪናህስ? ዛሬ ጠዋት ነው የመጣህባት?»

«ነገርኩዎትኮ።»

«የሳጅኗ መኪና ስትገባ አመዳዩ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ጥላለች፤ እስካሁን ይታያል። ያንተ ግን ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ዙሪያዋን ነጭ ሣር ከቧት፣ አንድም የጎማ ምልክት የላትም። ሥሯን አየሁት። አመዳይ አልነካውም፤ ደረቅ ነው። አመዳዩ ሲወርድ እዚያው ነበረች ማለት ነው። ማታ የሄድክ መስለህ መብራትህን አጥፍተህ እዚያ አቆምካት። አሥራ ሁለት ሰዓት በሩ ሲከፈት ልትወጣ አስበህ ነበር። ፈዲላ ቀደም ብላ ጮኸች፤ ሰው ተነሣ፤ ሞተር ማስነሣት አልቻልክም። የሀይፋን ስልክ ያነሣኸው እዚሁ መኪናህ ውስጥ ተቀምጠህ ነው።»



«ጋሽ ሚስባህ?» አለ ፈሪድ። «በል እንጂ፣ ውሸት ነው በለው!»

ሚስባህ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሲቀመጥ የተገላገለ ሰው ይመስል ነበር።

«ሸረፈዲን ‘እስከ ጠዋት ጊዜ አለህ፤ ለልጁ ራስህ ንገረው፣ ካልሆነ እኔ እነግረዋለሁ’ አለኝ» አለ። «ልነግረው አልቻልኩም። አራት ዓመት ሞከርኩ።»

«ምኑን?» አለ ፈሪድ።

«አባትህ የሞተ ቀን ሰዎቹ ሱቁን ከበው እሳት ሲለኩሱ በኋላ በር አመለጥኩ። እንዳይከተሉኝ በውጭ ቆለፍኩት። አባትህ ከኋላዬ መኖሩን አላወቅሁም።» ራሱን ነቀነቀ። «ዐውቄ ነበር።»

ፈሪድ ይመታዋል ብለው ቀድመው የመጡት ሁለት ፖሊሶች ጠጋ አሉ። ፈሪድ ግን ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ።

«አንኳኳ?»

«አንኳኳ።»

«ምን አለ?»

ሚስባህ ዓይኑን ጨፈነ። «‘ሚስባህ፣ እኔ ነኝ’ አለኝ። ከሌሎቹ አንዱ መስሎኝ የቆለፍኩበት መስሎት ነበር። ደጋግሞ ነገረኝ።»

ሳጅን ሞሎይ ካቴናዋን እንደያዘች ወደ ለገሠ ዞረች። «ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ለገሠ በአስተርጓሚነት በኖረበት ዘመን ሁሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ አንድ ደቂቃ ስጪኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ሀይፋ ከፈሪድ አጠገብ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አስደግፋው ነበር። ከዚያ ለገሠ ተመለሰና ሦስቱን ቃላት አንድም ሳይጨምር፣ አንድም ሳያጎድል ለሳጅኗ ነገራት።