ጥያቄ የማይወድ ኮይን

«ያስገባነውን ገንዘብ ማውጣት የምንችለው መቼ ነው?» ብላ ጽፋ ስልኳን ገና ሳታስቀምጥ፣ ሚጡን ከኮይኑ የቴሌግራም ግሩፕ አባረሯት።

መጀመሪያ ኔትወርኩ መስሏት ነበር። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ ግን አጠገቧ ቆማ መልሱን ትጠብቃለች። አክስትዬ ሁለተኛዋን የስፌት መኪና ሸጣ አዲስ የወጣ የክሪፕቶ ኮይን ልትገዛ ቆርጣለች፤ የመኪናዋ ገዢም ከሰዓት ይመጣል። ገንዘቡ በየወሩ እጥፍ እንደሚሆን፣ ኪሳራ የሚባል ነገር እንደሌለው የነገረቻት ራሷ ሚጡ ናት። ሚጡ ደግሞ የሰማችው ከክፍሏ ልጅ ነው። የኮይኑ ሰዎች ወኪል አድርገው ከሾሙት ወዲህ ልጁን ሁሉም «አምባሳደር» ይለዋል።

«አጠያየቅሽ ነው» አለች አክስቷ። «ሰላም ሳይሉ ይጠየቃል? በይ ስልኬን አምጪው።»

መነጽሯን አድርጋ፣ ሚጡ ያስገባቻትን ያንኑ ግሩፕ እንደምን ሰነበታችሁ አለች፤ ጤናቸውን ጠየቀች፤ ሥራቸውን አመሰገነች፤ መጨረሻ ላይ ያችኑ ጥያቄ አስከተለች። እሷንም አባረሯት።

ስልኩን አገላብጣ አየችው። በዚህ ዕድሜዋ ከየትም ተባርራ እንደማታውቅ ተናገረች፤ ከልቧ ቅር ብሏታል።

ገዢው መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ሳቀ። ለካ እሱንም የወንድሙ ልጅ ግሩፑ ውስጥ አስገብቶት ኖሯል። ለትልቅ ሰው መመለሳቸው አይቀርም ብሎ ጠየቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ተባረረ።

ሦስቱ ተባራሪዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የኮይኑን ድረ ገጽ ያገላብጡ ጀመር። ቢሮው የት እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚል ነገር የለም። ያለው «ዋና መሐንዲስ» የተባለ ሰው ፎቶ ብቻ ነው። ሚጡ ፎቶውን አጉልታ የሰውዬውን ጣቶች ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች።

«አክስቴ፣ ስድስት ጣት አለው። በኮምፒውተር የተሠራ ፎርጅድ ሰው ነው።»

«ብቻ ጓንት ሊያሰፋ እንዳይመጣብኝ» አለች አክስቷ፣ መኪናዋን መልሳ እየሸፈነች። ገዢውም ባዶ እጁን ሄደ። መኪናዋ ብትቀርበትም ብዙ አልከፋውም፤ የወንድሙን ልጅ ሊያነጋግር ቸኩሏል።

ሚጡ ለአምባሳደር ደውላ ሁሉንም ዘረገፈችለት። መጀመሪያ ተከራከረ፤ ቀጥሎ ድምፁ ወረደ። እሱም ከገባ ጀምሮ ሰባራ ሳንቲም አውጥቶ አያውቅም። አዲስ ሰው ባመጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይጨምርለታል፤ በቃ፣ ያ ነው።

«እስከ ሰኞ ብቻ አትናገሪ» አላት። «የክፍላችን ልጆች ሰኞ ይከፍላሉ። ያኔ ያንተን እንለቅልሃለን ብለውኛል የኮይኑ ሰዎች።»

«የነሱንስ ማን ይለቅላቸዋል?»

እሱ ግን እስከ ሰኞ ብቻ ሲል ደግሞ ለመናት።

«እኔ ዛሬውኑ ለልጆቹ እጽፋለሁ» አለች። «አክስቴን መኪናዋን ላስሸጣት እንደነበርም ጭምር። ከፈለግክ ና፣ አብረን እንጻፈው።»

«ይስቁብኛል።»

«በኔም ይስቃሉ።»

ስልኩን ግን አልዘጋውም። በስልኩ ውስጥ በር ሲዘጋ፣ ከዚያም ደረጃ የሚወርድ ጫማ ተሰማት። ሚጡ ሌላ ወንበር ስባ ከጎኗ አስቀመጠች።