የታጠፈው ፒን

ሶኬቱ አልገባ አለ።

ጸሎት የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተንበርክካ፣ አንድ እጇን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብታ ትታገላለች። የሚታያት ነገር የለም፤ በጣቷ ብቻ እየዳሰሰች ነው።

«ገባልሽ?» አለች እናቷ አልማዝ፣ ከውጭ ባትሪው አጠገብ ቆማ።

«እየገባ ነው፣ እማ!»

አልገባም ነበር። ጸሎት ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ በመዳፏ ገፋችው። ያኔ ውስጥ አንድ ቀጭን ነገር ሲታጠፍ ተሰማት።

ሶኬቱን መልሳ ነቀለችና በስልኳ መብራት አየች። እንደ መርፌ ከቀጠኑት ፒኖች አንዱ ወደ ጎን ተጋድሟል። ከዕቃ ሣጥኑ ወረንጦ አንስታ ቀስ አድርጋ አቀናችው። ሲያዩት ከሌሎቹ አይለይም። እንደገና አስተካክላ ስትገፋው ሶኬቱ «ቀጭ» ብሎ ገባ።

«ገባ!» ብላ ጮኸች።

አልማዝ አዘዞ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ትሠራለች። ይህ መኪና የአያ አድማሴ ነው፤ ከጎንደር መካነ ብርሃን ዕቃ ያመላልሳል። ካለፈው ወር ጀምሮ ግን ዳገት ላይ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል፣ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። አልማዝ ሦስት ቀን ሙሉ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ፈትሻ በመጨረሻ ጥፋቱን ሞተሩን ከሚያዝዘው ኮምፒውተር ላይ አገኘችው። ውሃ ገብቶት ውስጡ አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። ምትኩ ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደረሰ። እስከ ዛሬ ጸሎት ሽቦ ከመላጥና አምፖል ከመቀየር አልፋ አታውቅም ነበር። ዛሬ ግን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ፣ «ይሄን አንቺ ግጠሚው» አለቻት።

አልማዝ ባትሪውን አሠረች። አያ አድማሴ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ወር ሙሉ ሲያበራ የከረመው ቢጫ መብራትም ጠፋ።

«ሸጋ! እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ!» አሉ አያ አድማሴ።

ከነጭነቱ ወደ ከተማው ዳገት ወጥተው ተመለሱ። አንዴም አልጠፋም። አልማዝ የጸሎትን ትከሻ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችው። ለጸሎት ከዚያ በላይ ምስጋና አልነበረም።

«እንግዲህ ነገ ማለዳ እንወጣለን» አሉ አያ አድማሴ፣ የሸራውን ገመድ እያጠበቁ። ሸራው ሥር የዘር ድንች ነው። «ዝናቡ ገብቷል፣ ገበሬው ማሳውን አርሶ እየጠበቀ ነው። እህቴ አየለችም ዓይኗን ታክማ ጨርሳለች፤ ጋቢና ከእኔ ጋር ትሄዳለች።»

ጸሎት ጓሮ ሄዳ እጇን መታጠብ ጀመረች። ቅባቱ ለቀቀ፣ እሷ ግን አሁንም ታሻለች። ፒንሳ አጠገቧ ካልኖረ እናቷ ቀጭን ሽቦ የምትቆርጠው አጥፋ፣ አቅንታ፣ እንደገና አጥፋ ነው። ሦስተኛው ላይ ይበጠሳል። ፒኑ አንዴ ታጥፎ ቀንቷል። መንገዱ የሚያልፍበት የቧሂት ተራራ ኮረኮንች ደግሞ ሰዓታት ሙሉ ያንቀጠቅጠዋል። እዚያ ዳገት ላይ ሞተር ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አየር እያለቀ ይሄዳል።

ለጓደኛዋ ለፋሲካ ደወለች።

«ሠራ አይደል እንዴ?» አለች ፋሲካ ሁሉንም ከሰማች በኋላ። «ታዲያ ላሽ በይው! አታካብጂ። ደግሞ ብትነግሪያት ሁለተኛ ምንም አታስነካሽም።»

ጸሎት የፈራችውም ይህንኑ ነበር። ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ወደ ግቢው ተመለሰች።

አልማዝ ቱታዋን ልታወልቅ ነበር።

«እማ፣ አንድ ፒን አጥፌአለሁ።»

«የቱን?»

«የአዲሱን ኮምፒውተር። በወረንጦ አቃናሁት። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው።»

አልማዝ አልተቆጣችም። ባትሪውን ፈታች፣ ጋቢና ገባች፣ ሶኬቱን ነቀለች። በእጅ ባትሪ እያበራች በወረንጦው ጫፍ ፒኑን ነካ አደረገችው። ፒኑ ከሥሩ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ሁለቱም አዩት። ጸሎት መወጣጫው ላይ ተቀመጠች።

«ሌላ ፒን እበይድበታለሁ» አለች አልማዝ። «ግን ጥቃቅን ሥራ ነው፣ ነገ እስከ ቀትር ይወስዳል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለአያ አድማሴ ትንሽ ፍተሻ ይቀረዋል እላቸዋለሁ። አንቺ እንዳጠፋሽ ማወቅ የለባቸውም። ሴቲቱ ሥራውን ለልጇ ሰጥታ መኪናውን አበላሸች ተብሎ ይወራል።»

ጸሎት እናቷን ቀና ብላ አየቻት። አልማዝ ለራሷ ስም ብቻ እንዳልፈራች ገባት፤ ልትከልላት ነው። እሺ ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

«ትንሽ ፍተሻ አይደለም፣ እማ» አለች። «እኔ ልንገራቸው።»

አልማዝ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

አያ አድማሴ የኋላ ጎማ አጠገብ ከእህታቸው ጋር ቆመው ያወራሉ። እትዬ አየለች አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። ጸሎት ቀርባ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ያጠፈችውን፣ ያቃናችውን፣ ዝም ያለችውን።

«ምነው ያን ጊዜውኑ አልነገርሽንም?» አሉ አያ አድማሴ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ፈራሁ።»

«ሰው ይጠብቀኛል እኮ! ይሄ ድንች ስንት ቀን ይቆማል?»

እትዬ አየለች ወንድማቸውን በክርናቸው ጎሰም አደረጓቸው።

«እኔስ እሱ ዳገት ላይ ከምቀር እዚህ ብውል ይሻለኛል» አሉ። «ተዋት፣ አድማሴ።»

አያ አድማሴ ሸራውን ቀና ብለው አዩት፣ ከዚያም ጸሎትን። «ነገ ሲጠገን እስከ አምባ ጊዮርጊስ አብረሽኝ ትወጫለሽ» አሉ። «ከነጭነቱ ዳገቱን ሲወጣ አጠገቤ ሁነሽ ታዪዋለሽ። ከዚያ በሚኒባስ ትመለሻለሽ። እናትሽ ከፈቀደች ነው።»

ጸሎት ዞር ስትል አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት የላትም» አለች አልማዝ። «ግን እሷ ትወስን።»

ጸሎት መንገዱን ታውቀዋለች፤ በአንድ በኩል ገደል ነው።

«እሄዳለሁ» አለች።