ሐሙስ ሐሙስ ወንዝ የሚሻገረው ሐኪም

ዶክተር ኤሊሴርን መጀመሪያ ያየሁት ጭቃ ውስጥ ተዘርሮ ነው። ለመንደራችን ተመድቦ በመጣበት ቀን በቅሎዋ በራችን ላይ ጣለችው። ሳቄ አመለጠኝ።

«ሳቂ፤ ስትጨርሺ ታነሺኛለሽ» አለኝ።

አነሳሁት... ልቤም በዚያው አብራው ሄደች።

ከእሱ በፊት የመጡት ሐኪሞች የኩባን ተራራ ዝናብ ሳይለምዱ ነበር ወደ ከተማ የሚመለሱት። እሱ ግን ቤት ለቤት እየዞረ የአሮጊቶቹን ደም ግፊት ይለካል፤ አመሻሹ ላይ በረንዳችን ላይ ከአባቴ ጋር ዶሚኖ ይጫወታል። በዓመቱ አግቢኝ አለኝ፤ እሺ አልኩት።

ሐሜቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ክሊኒኩን ዘግቶ ወንዝ እየተሻገረ፣ ባሏ የሞተባት ዙሌማ ቤት ይገባል ተባለ። ጎረቤታችን ኒኮላሳ ልብስ ስናጥብ፣ «ዶክተራችንን የማዶው በሽታ ሳይጠናበት አልቀረም» ስትል ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ።

ማመን አልፈለግኩም። ግን ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መች ያስተኛል? ሸሚዙን አሸተትኩ። ዙሌማ ገበያ ላይ ስታየኝ ዓይኗን ሰበረች። አባቴን ሳማክረው የሰው ወሬ አትስሚ ብሎኝ ጨዋታ ቀየረ። ነገሩን አውቆ፣ ለእኔ አዝኖ ነው የደበቀኝ አልኩ።

በመጨረሻ ኤሊሴርን ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

«ዙሌማ ጋ ምን ትሠራለህ?»

የሕክምና ቦርሳውን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«አሟት ነው?»

«ልነግርሽ አልችልም ኦዳሊስ። እመኚኝ ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።»

ቀለበቱን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ሳይከራከር አንስቶ ወጣ። አለመከራከሩ ጥፋቱን ማመኑ መሰለኝ።

በቀጣዩ ሐሙስ ተከተልኩት። የዙሌማን በር ሳላንኳኳ በረገድኩት።

አልጋው ላይ የተኛው አባቴ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የኮኮዋ ማሳዬን ልይ ብሎ የሚወጣው አባቴ... ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ኤሊሴር አጠገቡ ተንበርክኮ የሕመም ማስታገሻ ሊወጋው ነው። ዙሌማ ላቡን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግለታለች።

ሆዱ ውስጥ እጢ ነበረበት። የከተማ ሐኪሞች ማዳን አይቻልም ብለው መልሰውታል። እኔ እንዳልሰማ ዙሌማ ቤት እየታከመ ሁለቱንም በአደራ አስሯቸዋል።

«ካወቅሽ ሠርጉን ትተሽ እኔን ስታስታምሚ ልትከርሚ ነው» አለኝ። «ስትዳሪ ሳላይ መሞት ፈራሁ ልጄ።»

ቀለበቱን መመለሴን አልሰማም። ኤሊሴር ያንንም ደብቆታል።

«ልታጣኝ ነበር እኮ» አልኩት እያለቀስኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የበሽተኛዬን ምስጢር ለፍቅሬ ብዬ ካወጣሁ ግን፣ ነገ ማን በሩን ይከፍትልኛል?»

እጄን ዘረጋሁለት። ቀለበቱን ከኪሱ አወጣ።

በሳምንቱ ግቢያችን ውስጥ ተጋባን። አሳማ ተጠበሰ፤ ጊታር ተመታ። አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ እያጨበጨበ አመሸ።

ኮኮዋው ሳይለቀም አባቴ አረፈ። በቀብሩ ቀን ኤሊሴር አሮጊቶቹን ሲደግፍ፣ ራሳቸውን የሳቱትን ውሃ ሲያጠጣ ዋለ። እንባ የሚባል አልወጣውም። ቤት ገብተን በሩን ስዘጋ ግን፣ ጉልበቴ ላይ ራሱን ጣለና፣

«ከእንግዲህ ሐኪሙ አይደለሁም፤ ልጁ ነኝ» ብሎ አለቀሰ።