ሰባተኛው ክምር ጾሙን ያደረ ጊዜ

ይሄ ተረት አይደለም። ሰው ነግሮኝም አይደለም። በገዛ እጄ የጀመርኩት፣ በገዛ እጄ የነካሁት ነገር ነው።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ነዳጅ በሚወጣበት በኦጎኒ ምድር፣ ኮርዋ በምትባለው መንደራችን፣ የአጎቴ ሚስት ጓሮ።

ጨለማ ቢሆን ኖሮ "ዓይኔ አታሎኝ ነው" እል ነበር... ግን ጠራራ ፀሐይ ነው።

ስሜ ሶርባሪ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። አፍሬ ነው።

የነዳጅ ቧንቧ ፈንድቶ እርሻችንን ያጠቆረው ልጅ ሳለሁ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ መሬቱን የሚያጸዳ ድርጅት መጣ፤ እኔም ተቀጠርኩ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። የተበከለውን አፈር ቆፍረን በረጅሙ እንከምራለን። ማዳበሪያ እንሰጠዋለን፣ ውሃ እናጠጣዋለን፣ አየር እንዲያገኝ እናገላብጠዋለን። ከዚያ አፈሩ ውስጥ ያሉት በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ነዳጁን ይበሉታል።

ሲበሉ ክምሩ ይሞቃል። ስለዚህ በየማለዳው እጃችንን እስከ ክርናችን እንከትበታለን። ቴርሞሜትር ተሰጥቶናል፤ እኛ ግን የምናምነው እጃችንን ነው።

"ዛሬ በልቷል?" እንባባላለን።

ከሞቀ "በልቷል" ነው። ከቀዘቀዘ "ጾሙን አድሯል" ብለን እንስቃለን።

ሰባተኛው ክምር ሁልጊዜ ጾሙን ነበር የሚያድረው። አፈሩ ከባድ ጭቃ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አጥለቅልቆ አየር ነሳው።

የማን እርሻ አፈር መሰላችሁ? የአጎቴ ሚስት የሌይራ። እናቴ ስትሞት አንስታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ "እማ" ነው የምላት።

የመሬቱ ርክክብ ሐሙስ ነው ተባለ። ከዚያ በፊት የየክምሩ አፈር ናሙና ላብራቶሪ ገብቶ "ንጹሕ ነው" መባል አለበት። አለቃችን ኢንጂነር ታሙኖ ክምሩ አጠገብ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እንዴት ነው?"

"ቀዝቃዛ ነው።"

"ስንት ጊዜ ይፈልጋል?"

"ስድስት ወር... ከዚያም በላይ።"

ጫማቸው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ ቆዩ።

"አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ጥሩ አፈር የት እንዳለ ታውቃለህ።"

ሌላ ቃል አልተነፈሱም። እኔም አልጠየቅኩም። ገብቶኛላ!

በመንደራችን ነዳጅ ያልደረሰው አንድ ከፍ ያለ ቦታ ብቻ ነው። የእማ ጓሮ ጫፍ... ባሏ፣ አጎቴ ዲቦም፣ የተቀበረበት።

በእኛ ቤት አንድ ወግ አለ። ከመቃብር አጠገብ ቅጠልም ይሁን አፈር ስትወስድ፣ ምን እንደወሰድክና ለምን እንደወሰድክ ለተኛው ሰው ጮክ ብለህ ትነግረዋለህ። ልጅ ሆኜ ከአያቴ መቃብር አጠገብ ፓፓያ ስቆርጥ እንኳ "አያቴ፣ አንድ ፓፓያ ወስጃለሁ፣ ርቦኝ ነው" ብዬ ነበር የምሮጠው።

ያን ቀን ከአጎቴ ራስጌ ሁለት ጭብጥ አፈር ወሰድኩ። ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ ቀይ አፈር።

ምንም አልተናገርኩም። ምን ልበለው? "ሚስትህን ላታልልበት ነው" ልበለው?

ጉድጓዱን ደፍኜ፣ የናሙናው ጠርሙስ ላይ "ክምር ሰባት" ብዬ ጻፍኩ።

ላብራቶሪው "ንጹሕ ነው" አለ። ያልጸዳው የሰባተኛው ክምር አፈር እንዳለ ወደ እርሻዋ ተመለሰ፤ ሐሙስ እማ ወረቀቷን ተቀበለች። ወረቀቱን አናቷ ላይ አድርጋ ጨፈረች።

"ልጄ ነው ያጸዳልኝ! የማንም ልጅ አይደለም፣ የኔ ልጅ!"

ጎረቤት ሁሉ አጨበጨበልኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ቦዬ ልትከልበት?" አለችኝ ማታውን ጠጋ ብላ፤ ቦዬ እንደ ድንች ከመሬት ቆፍረን የምንበላው ሥር ነው። ከወረቀቱ ይልቅ የኔን ቃል ነው የፈለገችው።

አፌን ከፈትኩ... 

"ትከዪ" አልኳት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እየሳቀች መጣች።

"ዶሮዎቼ አመል አውጥተዋል። ማለዳ ማለዳ አጎትህ መቃብር ላይ ነው የሚኮለኮሉት። ይሞቃቸዋል መሰለኝ። ድሮም ሰውየው እግሩ እሳት ነበር!"

እኔ አልሳቅሁም።

ሄጄ አየሁ። የደፈንኩት ጉድጓድ ተከፍቷል። ልክ የሁለት ጭብጥ ያህል። ደፈንኩት፤ በእግሬም ረገጥኩት።

በማግስቱ ተከፍቶ ጠበቀኝ።

እጄን ከተትኩ። እስከ አንጓዬ... እስከ ክርኔ።

ሞቋል። የሚበላ ክምር ሙቀት ነው፤ ይሄን ሙቀት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ግን እዚያ ነዳጅ የለም። ታዲያ ምኑን ነው የሚበላው?

ከወር በኋላ ኢንጂነር ታሙኖ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ቤቴ መጡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ገለጡት። የእኔ ጠርሙስ ነው። የእኔ ጽሑፍ።

"ላብራቶሪዎቹ የተረፈውን መለሱልኝ" አሉ በሹክሹክታ። "ክዳኑ አልገጥም አለ ይላሉ።"

አየነው።

ክዳኑ ቀስ ብሎ ተነሳ... ወረደ።

ተነሳ... ወረደ።

ልክ እንደተኛ ሰው ደረት።

"ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ከሰባተኛው ክምር።"

"ሶርባሪ፣ አትዋሸኝ።"

"እርስዎ እኮ ነዎት..."

"እኔ ምንም አላልኩህም!"

እውነታቸውን ነው። ምንም አላሉኝም።

እሳቸው ሲወጡ ከፈትኩት። ቀዩ አፈር ጠቁሯል። የድፍድፍ ነዳጅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሮጬ ሄድኩና አፈሩን ጉድጓዱ ውስጥ መለስኩት። አሁንም ምንም ሳልናገር፣ እንደ ሌባ አጎንብሼ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አትጠይቁኝ። ስንት ቀን "ዛሬ እነግራታለሁ" ብዬ ወጣሁ። ስንት ቀን በሯ ላይ ደርሼ "እንዴት ዋልሽ" ብያት ተመለስኩ። የቦዬው ሐረግ በተተከለለት እንጨት ላይ ሲጠመጠም በመስኮት እያየች ትዘፍናለች። እንዲህ ደስ ያላትን ሰው እንዴት ልንገራት እል ነበር። ውሸቴን ነው። የፈራሁት "የኔ ልጅ" ማለቷን እንዳትተው ነው።

ያ ማክሰኞ ደረሰ።

እማ የመጀመሪያዋን ቦዬ ጠብሳ፣ የፓልም ዘይት አፍስሳባት ጓሮ አቀረበች። ሦስት ሳህን። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለራሷ፣ አንዱን መቃብሩ ላይ ከጉድጓዱ አጠገብ አኖረች። ዶሮዎቹ በዚያ ሙቀት መቃብሩ ላይ ላባቸውን ነፍተው ተኮልኩለዋል።

"ብላ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?"

ቆረስኩ። ውስጡ ነጭ ነው። ሽታው ግን... ያን ሽታ ዓመት ሙሉ በሥራ ልብሴ ተሸክሜዋለሁ።

"አትብዪ፣ እማ።" ማለት የነበረብኝ ይሄን ብቻ ነው።

"ይጣፍጣል?" አለች እየጎረሰች።

"ይጣፍጣል" አልኳት። ዋጥኩትም።

መቃብሩ ላይ ያለው ሳህን ተንቀጫቀጨ።

ሁለታችንም ዞርን። ንፋስ የለም። ዶሮዎቹ አልተነሱም። ሳህኑ በአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ ተነሳ... ቦዬው ተንሸራቶ መሬት ላይ ወደቀ።

እሱ አልበላም። የሞተው ሰው የተጸየፈውን እኔ ለእናቴ "ይጣፍጣል" አልኳት።

ሮጬ ተንበረከክኩ። እጄን ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ክርኔ ከተትኩና ጮህኩ።

"አጎቴ፣ ሁለት ጭብጥ አፈር ወስጃለሁ! ያልጸዳውን ጸድቷል ለማለት ነው! እማን አታልያታለሁ!"

ሙቀቱ ከጣቶቼ ሸሸ። ቀዘቀዘ... እንደ ሰባተኛው ክምር ቀዘቀዘ። ተነፈስኩ። ይቅር አለኝ ብዬ፣ አያሳፍርም ወይ፣ ደስ አለኝ።

ዞር ስል እማ ቆማለች። አፏ ውስጥ ያለውን አላላመጠችውም፣ አልተፋችውም።

"ለእሱ ነገርከው" አለች በሹክሹክታ።

"እማ..."

"እሱማ ያውቃል። የምበላው እኔ ነኝ። ለእኔ ነበር የምትነግረኝ።"

ፊቷን ማየት አቃተኝና መሬት መሬት አየሁ።

ለዚህ ነው ዶሮዎቹን ያየኋቸው። ከመቃብሩ አንድ በአንድ ወረዱ። ጓሮውን በፀሐይ አቋርጠው መጡ። እግሯ ስር ተኮለኮሉ... ላባቸውን ነፉ... ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እማ፣ ነይ ወደ ቤት እንግባ" ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

እንደሚበላ ክምር፣ እስከ ክርኗ ድረስ ሞቃለች።