ቅባት የሚወደው ብናኝ

እውነቴን ነው የምነግራችሁ። ያላመነ ይተወው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቅባት ያለው ምግብ በአፌ ዞሮ አያውቅም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል። ላብራቶሪው ውስጥ የቀረነው እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ...

ሥራችን ከቆሻሻ ውሃ ውስጥ ዘይት ማውጣት ነው። ናኖ የሚሉትን፣ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ቅባት በሚወድ ነገር እንሸፍነዋለን። ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ዘይቱን እየፈለገ ይለጠፍበታል። ከዚያ በማግኔት ሰብስበን እናወጣዋለን።

"እትዬ..." አለችኝ በሹክሹክታ።

"ምን ሆንሽ?"

"እጄን እዪው።"

ጓንት አላደረገችም! ዕቃ ስታጥብ እጇ እየደረቀ ሲያስቸግራት ቫዝሊን ተለቅልቃ፣ በዚያው እጇ ብናኙን ነክታዋለች።

"አንቺ ልጅ፣ ጤነኛ ነሽ? ቅባት ለሚወድ ነገር ቅባት ተቀብተሽ ትሄጃለሽ?"

"አትጩኺብኝ..."

ጣቷ ጠቁሯል። በሳሙና ብናሸው፣ ብንፈትገው አልለቅ አለ። ጥቁረቱ ከቆዳዋ ሥር ነው።

ደግሞ ይሄዳል...

ቀስ እያለ፣ ወደ እጅ አንጓዋ።

"ክንዴ ላይ ከወጣ እጄን ይቆርጡኛል አይደል?" አለች።

ማግኔቱን አምጥቼ ጥፍሯ ጫፍ ላይ አስጠጋሁት።

ጥቁሩ ቆመ። ከዚያ ተመለሰ። በጥፍሯ ሥር እየተግተለተለ ወጣ... ወፍራም፣ ዝልግልግ፣ የከረመ ዘይት የሚሸት። እንትፍ! የገዛ እህቴ እጅ አስጠላኝ።

ብርጭቆ ውስጥ አራግፌ ክዳኑን ጠረቀምኩበት። ጣቷ እንደ ድሮው ሆነ።

"ተገላገልን" አልኳት። ማግኔቱንም ሌላ ክፍል ወስጄ ቆለፍኩበት።

ስመለስ ብርጭቆው ላይ አፍጥጣለች።

ዝልግልጉ እሷ በተቀመጠችበት በኩል መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

"እስቲ ወዲህ ዙሪ።"

ተነስታ በሌላው ጎን ቆመች።

እሱም ዞረ...

ማግኔት የለም እኮ!

ስልኳ ጮኸ። እናታችን ናት። አነሳችው።

"ደህና ነኝ እማዬ... አዎ፣ በልተናል።"

ስትናገር አፏን አየሁት።

ከድዷ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጥቁር ነገሮች ወጥተዋል። ሁሉም ወደ ብርጭቆው ዘንበል ብለዋል።