ሚስማር ላይ የቀረው ጓንት

መርማሪዋ ስትደርስ ሰውየው ሞቷል፤ ማሽኑ ግን ያጉረመርማል።

ሟቹን ሰፈሩ «ያለነዳጅ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ያለ ነዳጅና ያለ ኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ ጄኔሬተር ፈለሰፍኩ ሲል ዕድሜውን ፈጀ። አሁን ክዳኑ ከተከፈተው ማሽን ሥር፣ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ፣ በጎኑ ወድቋል። የወርክሾፑ የኤሌክትሪክ ማጥፊያ ወደ ታች ወርዷል። የላስቲክ ጓንቱ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ማሽኑ የምትገባ አንዲት ሽቦ አትታይም፤ ይህ ደግሞ መርማሪዋን ጨርሶ አልጣማትም።

«አያችሁልኝ?» አለ ገዢ የሚያፈላልገው ሸሪኩ፣ አስከሬን ፊት እንኳ ምላሱ የማያርፍ ሰው። «መብራቱ ጠፍቶም ይሠራል! ዛሬ ገዢዎች ሊያዩት ነበር። ቀድሜ መጥቼ በር ላይ የመኪናዬን ጥሩምባ ብነፋ፣ ወዲያው ጩኸት ሰማሁ።» ይህን እያለ እጁን ወደ ማሽኑ ሰደደ።

«እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸ የሟች ታናሽ ወንድም። ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«እሱን ይጠይቁልኝ!» አለ ሸሪኩ ደንግጦ። «ትናንት ‹ይህን ነገር ተወው› እያለ ከወንድሙ ጋር ሲጨቃጨቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሚስትየው ከባሏ ራስጌ ኩርምት ብላለች።

«እትዬ፣ እስቲ ገባ ብለው አረፍ ይበሉ» አለቻት መርማሪዋ።

ሴትየዋ እየተንገዳገደች ከወርክሾፑ ጎን ወዳለው የስፌት ክፍሏ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ጉርምርምታው ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ ማሽኑ ሲያፈጥ መርማሪዋ የስፌት ክፍሉን በር ታይ ነበር።

«ማሽኑ አልነሳም ያለበት ቀን አለ?» አለች።

«ሞልቶ!» አለ ሸሪኩ። «እሷ ገበያ ከሄደች ንቅንቅ አይልም። እሱ ራሱ እየሳቀ፣ ‹ገደኛዬ ናት፣ ያለ እሷ አይሆንልኝም› ይል ነበር።»

መርማሪዋ ሁሉንም ወደ ስፌት ክፍሉ ሰበሰበች። ከስፌት መኪናው ሥር ምንጣፉን ስትገልጥ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ብቅ አለች፤ ሽቦዋ በወለሉ ውስጥ ወደ ወርክሾፑ ይሄዳል።

«ሟቹ፣ እንግዶች ሳይመጡ፣ ማሽኑን ሊወለውል ከፈተ» አለች። «ጠንቃቃ ስለነበር ማጥፊያውን አወረደ። ከዚያ ወዲያ የሚነዝር ነገር አለ ብሎ ስላላሰበ ጓንቱን ከሚስማሩ አላነሳም። እንግዲህ ሽቦውን የቀበረው እሱ አይደለም። አንተ ግን ሽቦ የማይታይበት ማሽን እንዳይነካ ጮህክ።»

«እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለ ወንድምየው አንገቱን ደፍቶ። «ትናንት ለጋሼ እውነቱን ልነግረው ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

«ይያዙት!» አለ ሸሪኩ።

«ቆይ እንጂ። ማብሪያው ያለው እዚህ ነው። እትዬ ሲገቡ ማሽኑ ዝም አለ። ገበያ ሲሄዱም አይነሳም። ዛሬ ጥሩምባው ሲሰማ ደግሞ፣ እንግዶቹ ደረሱ ብለው...»

«ተጫንኩት» አለች ሚስትየው። «መክፈቱን አላየሁም። አልነሳ ባለው ቁጥር እዚያ ተቀምጦ ሲያለቅስ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበለው ብዬ ወንድሙን ለመንኩት። ሲነሳለት እንደ ልጅ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ በምን አንጀቴ ላስቁመው?»

«ታዲያ እኔ ልሸጥ የነበረው ምን ነበር?» አለ ሸሪኩ።

ሴትየዋ ቀና አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አውቆብኝ ነው የሞተው?»

መርማሪዋ ሄዳ ጓንቱን ከሚስማሩ አወረደችና አሳየቻት። «ቢያውቅ ኖሮ ይህን ያጠልቅ ነበር፣ እትዬ። ምንም አላወቀም። አታላይም አልነበረም።»

«እንኳን አላወቀ» አለች ሴትየዋ። ጓንቱን ተቀብላ አፈጠጠችበት። «ቢያውቅብኝ ኖሮ ግን በተረፈ ነበር።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።